አረፋ ተከታዩ ዛኪ ቤቤ

ዛኪ ቤቤ ቢላውን በጥርሱ ነክሶ፣ ከነሸሚዙ ከዶኒዋ፣ ከእንጨት ጀልባው ላይ ዘሎ፣ በዝናብና በማዕበል መሐል ሻርኩን በአፍንጫው ያዘው አሉ። ከመንጋጋው ውስጥ ልጁን ሺፋዛን በጸጉሯ ጎትቶ አወጣ፤ ሰባቱን ፈረንጆች ደግሞ እንደ ቋንጣ ዓሣ በአንድ ገመድ ደርድሮ፣ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ እየዋኘ ወደ መርከባቸው መለሳቸው። ይህ እሑድ ጠዋት ወደብ ዳር ባለው በዓሊ ካፌ የተወራው ነው። ሰኞ ሻርኮቹ ሁለት ሆኑ። ማክሰኞ አንደኛዋ እርጉዝ ነበረች ተባለና፣ ዛኪ ቤቤ አንጀቱ አልችል ብሎት «ሂጂ፣ ለልጆችሽ ስል ነው» ብሎ እንደ ለቀቃት ተጨመረ። ረቡዕ ዕለት አንድ ሰው፣ ሻርኳ ዞር ብላ ስታመሰግነው እንደ ሰማ ወላሂ ብሎ ማለ።

እንግዲህ ወሬ እንደ ኮኮናት ነው፤ ጆሮ አጠገብ አድርገው ሳይወዘውዙ አይገዙትም። ይህኛውን ሲወዘውዙት ብዙ ነገር ይንኳኳል። ዛኪ ቤቤ ጸጉሩን በኮኮናት ዘይት አስተኝቶ፣ በግራ በኩል ሰንጥቆ፣ ነፋስ እንዳይደፍረው ኮፍያ ደፍቶበት የሚውል ሰው ነው። ባሕር ላይ አድጎ ባሕር ላይ ቢሸብትም፣ ጭንቅላቱ ከውሃ በታች የገባበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው በደሴቲቱ የለም። ቢላ በጥርሱ ነከሰ የተባለውም፣ የፊት ጥርሶቹን ፎፈል የሚባለውን ደረቅ ፍሬ ሲያኝክ ከጨረሳቸው ቆይቷል፤ ቢላ ቀርቶ ለስላሳ ዳቦ ቢነክስ እንኳ ዳቦው ያሸንፈዋል። ደግሞስ ሻርኮቻችንን የማያውቅ ማን አለ? ውቅያኖሱ በሚገባበት የባሕሩ በር ላይ ተሰልፈው የሚውሉት እነዚያ ግራጫዎች ከዓሊ ካፌ ደንበኞች ይልቅ ጨዋ ናቸው። ሰው ሲመጣ መንገድ ይለቃሉ፣ የሰው ሳህን አይነኩም፣ ዱቤም አያውቁም።

ይሁን እንጂ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ዛኪ ቤቤ ወሬውን አላስተባበለም።

አለማስተባበሉ ብዙም ላይገርም ይችላል። ቤቤ ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱ ግን የደሴቲቱ ሁሉ ታላቅ ወንድም የሆነው በገዛ ራሱ ሹመት ነው። ዝናብ በወቅቱ ከዘነበ «ብያችሁ ነበር» ይላል። የዒድ ጨረቃ ከታየች ቀድሞ ያየው እሱ ነው፤ ደመና ከሸፈናትም ከደመናው በስተ ጀርባ ያያት እሱ ነው። የሰው ሙገሳ መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኝ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ አንስቶ ኪሱ የሚከት ሰው ነው። የሚገርመው ግን አለመጨመሩ ነበር። ሻርኮቹ ሁለት ሲሆኑ «ሦስት ናቸው» አላለም። ሻዩን እያማሰለ ዝም አለ። ዛኪ ቤቤ ዝም ሲል ደግሞ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ሥራው አረፋ መከተል ነው። ሐንዱ የምትባለው ነጭ መርከብ ፈረንጆችን አሳፍራ፣ ከሰው ሁሉ የራቀውን የደቡቡን ኮራል ልታሳያቸው ለሳምንት ትወጣለች። እንግዶቹ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፣ ምድር አይረግጡም፤ የሚወርዱት ወደ ታች ብቻ ነው። ከኋላዋ እንደ ጥጃ የምትከተላት የእንጨት ጀልባ የዛኪ ቤቤ ዶኒ ናት። የአየር ጠርሙሱ፣ የጎማ ልብሱ፣ እርጥብ ፎጣው ሁሉ እሷ ላይ ነው። ጠላቂዎቹ ከእሷ ላይ ዘለው ይገቡና ይሰወራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው አረፋቸው ብቻ ነው። አረፋው ወደ ሄደበት ዶኒዋም ትሄዳለች። ብቅ ሲሉ ከአጠገባቸው ካልተገኘች፣ ውሃው ወዴት እንደሚወስዳቸው ውሃው ብቻ ነው የሚያውቀው። ዛኪ ቤቤ ይህን ሥራ ከያዘ ወዲህ አንድም ሰው አልጠፋበትም። ይህኛው እውነት ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚናገረው ሁሉም ያውቀዋል።

ከዚያ በፊት ግን ሠላሳ ዓመት ቱና ሲያሳድድ ኖሯል። የቱና አሳዳጅ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ወፎች የተሰበሰቡበት ቦታ ከታች ቱና አለ፤ ወፍ ሲታይ መሪው ወደ ወፍ ይዞራል። አባቱም አያቱም እንዲህ ኖረው እንዲህ ሞቱ። ነገሩ ከሐሳብ አልፎ ጅማት ውስጥ ገብቷል። በሠርጉ ቀን፣ ቃዲው ጥያቄውን እየጠየቁት የወፍ መንጋ ሲያልፍ፣ ሙሽራው አንገቱን አዙሮ «ወደ ምዕራብ!» ብሎ ጮኋል።

«ድሮ ዓሣ አሳድጄ እበላው ነበር» ይላል አሁን፤ «ዛሬ ደግሞ ሰው አሳድጄ ሻይ አጠጣዋለሁ። እድገት ማለት ይሄ ነው።»

ሺፋዛ የመጀመሪያ ልጁ ናት። ገና ጥርሷን ከምትነቅልበት ጊዜ ጀምሮ በዶኒዋ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ፣ መነጽር አልብሶ፣ ፊቷን ውሃ ውስጥ ይነክረው ነበር። «ዓሦቹ ወዴት ያያሉ?» ይላታል። «ወደ መርከቡ፣ ባፓ።» «እንግዲያው ውሃው ከመርከቡ በኩል ነው የሚመጣው። ዓሣ ፊቱን ውሃ ወደሚመጣበት ይሰጣል። ዓሣው ፊቱን ሲያዞር አንቺም ሐሳብሽን አዙሪ።» አደገች፣ የጠላቂነት ወረቀቷን ያዘች፣ በሐንዱ ላይ ረዳት ሆና ሠራች። ከዚያ የመርከቧ ዋና መሪ ጠላቂ አግብቶ ስሪላንካ ሄደና ቦታው ክፍት ሆነ። የሐንዱ ኃላፊ ሪያዝ ከዋና ከተማዋ ከማሌ ደውሎ፣ «አንድ ጉዞ ትምራ» አለ። «እንግዶቹ በሰላም ከተመለሱ ሥራው የሷ ነው። አንዲት ኮሽታ ከሰማሁ ግን ከዚህ ሰው እልካለሁ።»

ዛኪ ቤቤ ይህን ለዓሊ ካፌ ሲያበስር ደረቱ ከበሩ አላስገባ ብሎት በጎን ነበር የገባው።

«ሴት ልጅ በባሕሩ በር ላይ ሰው ልትመራ?» አለ ባለ ካፌው ዓሊ፣ የዓሣ ጥቅሉን ሳህን ላይ እየወረወረ። «ሚስቴ ገበያ ስትመራኝ እንኳ እጠፋባታለሁ እኮ።»

«አንተማ እዚሁ ካፌህ ውስጥ ስኳሩ ያለበት ጠፍቶህ ስንት ዓመትህ ነው፤ ሻይህን የቀመሰ ያውቃል።»

«ብትጠፋስ?»

«እኔ ከላይ እያለሁ? ዓሊ፣ ሰው ጠፍቶብኝ ያውቃል?»

ሄዱ። ሳምንቱ እንደ ቅቤ አለፈ። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀለበት ሠርተው ከተደረደሩት ደሴቶቻችን ሁሉ ዳር ወዳለው በር ደረሱ። በሩ በሁለት የኮራል ጥጎች መሐል ያለ ጥልቅ መተላለፊያ ነው፤ ውቅያኖሱ በሱ በኩል ወደ ቀለበቱ ውስጥ ይገባል፣ በሱ በኩልም ይወጣል። ሲገባ መልካም ነው፤ ጠላቂውን እንደ አልጋ ተሸክሞ ወደ ውስጥ ያንሸራሽረዋል። ሲወጣ ግን ሕንድ ድረስ ወንበር የለም።

ሺፋዛ አስቀድማ ብቻዋን ዘላ ገብታ ውሃውን አየችና ብቅ አለች።

«ወደ ውስጥ ነው፣ ባፓ። ለስላሳ ነው።»

«ይዞራል። ሰማዩን አላየሽውም? ይዞራል።»

«ሲዞር ዓሦቹ ይነግሩኛል።»

«በይ። ስትወጪ ከራስሽ በላይ ነኝ።»

«አንተ ብቻ ወፍ አትይ።»

ሰባቱ እንግዶች አንድ በአንድ ዘለሉ። የመጨረሻው ጣሊያናዊው የጥርስ ሐኪም ፓልሚሮ ነበር፤ ትልቅ ሆድና ትንሽ ድፍረት ያለው፣ ሳምንቱን በሙሉ የዛኪ ቤቤን ድድ እያየ ሲያዝን የከረመ ደግ ሰው። እሱም ተንቦራጭቆ ገባ። አረፋው ተነሣ። ዛኪ ቤቤ መሪውን በእግሩ ጣት ይዞ፣ ኮፍያውን አስተካክሎ መከተል ጀመረ።

ያኔ ዝናቡ መጣ። መጣ ማለት ይቀልለዋል፤ ሰማዩ ባልዲውን ደፋው። ባሕሩ በሙሉ እንደ ሩዝ ድስት ፈላ፤ የትኛው አረፋ ከታች እንደ መጣ፣ የትኛው ከላይ እንደ ወደቀ የሚለይ ዓይን ጠፋ።

«ናሲር! ይታይሃል?» ብሎ ጮኸ ዶኒዋ አፍንጫ ላይ ለቆመው ባልደረባው። ናሲር ከቱናው ዘመን ጀምሮ አብሮት ያረጀ ሰው ነው።

«ዝናብ ይታየኛል፣ ቤቤ!»

«ዝናቡንማ እኔም አየሁት! አረፋውን!»

ዛኪ ቤቤ ውሃው እንደሚዞር አስቀድሞ ተናግሯል፤ ስለዚህ ዞሯል። በእውነትም ዞሮ ነበር። ከዞረ ደግሞ ልጄ ወደ ውጭ ነው ያለችው ብሎ የዶኒዋን አፍንጫ ወደ ውቅያኖሱ አቀና። ጥቂት እንደ ሄዱ ከፊት ለፊታቸው ክብ ነጭ ነገር ብቅ ብሎ ሲፈላ አየ። አረፋ! ብዙ አረፋ! ወደ ውጭ እየሄደ!

«ያቻት! ያቻትልህ ልጄ!»

«ቤቤ፣ ከላዩ ወፎች አሉ እኮ።»

«ወፎቹ ምን አደረጉህ? እነሱም ሊያዩዋት መጥተው ይሆናል! አይ አካሄድ! አይ አካሄድ! ሰባት ፈረንጅ አስከትላ እንዴት እንደምትበር እያት!»

«ሰው ውሃ ውስጥ እንዲህ ይፈጥናል እንዴ?»

«የማን ልጅ ሆነችና!»

አረፋው ፈጠነ፤ ዶኒዋም ፈጠነች። ወደ ግራ ታጠፈ፤ እነሱም ታጠፉ። «ተመልከት፣ አሰልፋቸዋለች!» ይላል። አረፋው ለሁለት ተከፍሎ እንደገና ሲገጥም፣ «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት አስተምራቸዋለች!» ይላል። ዛኪ ቤቤ በልጁ እንደዚያች ሰዓት ኮርቶ አያውቅም፤ ያ ሁሉ ኩራት ግን አድራሻውን ስቶ ነበር። በዝናቡ መሐል አንድ ወፍራም፣ ብርማ፣ ጎኑ ባለ መስመር ፍጡር ከአረፋው ወጥቶ አየር ላይ ተገላብጦ ተመልሶ ገባ።



«ቤቤ» አለ ናሲር ቀስ ብሎ፣ «ይሄኛው ፈረንጅ ጭራ አለው።»

ቱና ነበር። ሠላሳ ዓመት ያሳደደው ቱና፣ በሠላሳ ዓመቱ ብድር መላሽ ሆኖ፣ ከልጁ ነጥሎ ውቅያኖስ መሐል አወጣው። ዛኪ ቤቤ ዘሎ ተነሣ። ኮፍያውን ነፋስ ወሰደው፤ አላየውም። «ያ ረቢ» አለ። መሪውን ጠምዝዞ ሞተሩን እስከ ጥጉ ሰጠው፤ በሩ ወዳለበት ሳይሆን አይቀርም ወዳለው አቅጣጫ በረረ። ጥቂት ሳይሄድ ዶኒዋ ግርርር ብላ፣ አንድ ጊዜ አስላ ቆመች። ማን እንደ ጣለው የማይታወቅ ተንሳፋፊ መረብ ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል። ውሃው ወደ ውጭ ይስባል፤ እነሱም አብረው ይሳባሉ።

ያኔ ሬድዮውን አነሣ። በሕይወቱ ሙሉ ሊለው የማይችለውን ቃል ሊል ነው፤ መርከቡም፣ ወጥ ቤቱም፣ በአካባቢው ያለ ዓሣ አጥማጅ ሁሉም ይሰማዋል። አንድም ጊዜ አላመነታም።

«ሐንዱ፣ ሐንዱ! ዛኪ ነኝ። ጠላቂዎቹ ጠፍተውብኛል። ልጄ ጠፍታብኛለች። ያላችሁን ጀልባ ሁሉ ወደ ውጭ ልቀቁ!»

ትንሽ ሲንኮሻኮሽ ቆየና ድምፅ መጣ።

«ባፓ? እኛ እዚህ መርከቡ ላይ ነን። ሻይ እየጠጣን ነው። አንተ የት ነህ?»

ዛኪ ቤቤ ሬድዮውን ሳመው። ናሲርንም ሳመው። ሞተሩንም ሊስመው ነበር፤ ትኩስ ሆነበት እንጂ።

ከታች የሆነውን የሰማው በኋላ ነው፤ ግማሹን ከሺፋዛ አፍ፣ ግማሹን ከፓልሚሮ እጆች። የበሩ ደፍ ላይ ድንጋይ ይዘው ሻርኮቹን ሲያዩ፣ ቢጫዎቹ ዓሦች በድንገት ፊታቸውን ወደ ቀለበቱ ውስጥ አዞሩ። ሺፋዛ ውሃው እስኪጎትታት አልጠበቀችም። ሰባቱን ሰብስባ፣ እጅ በእጅ የሞተውን የኮራል ድንጋይ እያስያዘች፣ በግድግዳው ጥግ አሳልፋ ከኮራሉ ጀርባ ውሃው ወደ ተኛበት አስገባቻቸው። ፓልሚሮ አየሩን እንደ ሾርባ ስቦ ስቦ ሊጨርስ ሲል፣ ትርፍ መተንፈሻዋን አፉ ውስጥ ከትታ፣ ክንዱን ይዛ፣ እየተያዩ ቀስ ብለው ወጡ። ያሉበትን የሚያሳየውን ብርቱካንማ ፊኛዋን አቆመች። ዶኒዋ የለችም። የሐንዱ ወጥ ሠሪ ግን ሽንኩርት ልጣጭ ሊጥል ወጥቶ ፊኛውን አየና የጎማ ጀልባው መጣላቸው። እንግዶቹ ይህ ሁሉ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ መስሏቸው አጨበጨቡ።

እሷ ግን ሻይዋን አልጨረሰችም። የጎማ ጀልባውን ነድታ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አባቷን ውቅያኖስ መሐል ጸጉሩ ተበታትኖ አገኘችው።

«ባፓ፣ ምን ያዝክ?»

«መረብ።»

«ዓሣስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ቁረጪ።»

«ወፍ አይተህ ነው፣ አይደል?»

«አረፋ መስሎኝ ነው።»

«የኔ አረፋ ክንፍ አውጥቶ ያውቃል?» አለችና ቢላዋን ይዛ ከዶኒዋ ሥር ገባች። ዛኪ ቤቤ በጎን በኩል ተደፍቶ ቁልቁል አየ። ልክ ከአገጩ በታች የልጁ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። ስንቱን አረፋ ተከትሏል፤ አረፋ እሱን ፈልጎ ሲመጣ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር። ናሲር «ምን ሆነህ ነው የምትስቀው?» አለው።

ወሬውን የጀመረው ናሲር ነው፤ በክፋት አይደለም። ማታውኑ ዓሊ ካፌ ገብቶ የቤቤን ክብር ለማዳን፣ «ትንሽ ችግር ነበር፤ ቤቤ ተወጣው» አለ። ከዚያ ያለውን ዓሊ ጨመረበት። ዓሊ ሻዩ ላይ የሚቆጥበውን ስኳር ወሬ ላይ አይቆጥበውም።

ወሬው ለዛኪ ቤቤ ጣፈጠው፤ ምን ይደበቃል። አሮጊቶች መንገድ ላይ ሲመርቁት፣ ሕፃናት «ሻርኩን እንዴት ያዝከው?» እያሉ ሲከተሉት፣ ዛኪ ቤቤ ሆዱ ውስጥ ማር ይንቆረቆር ነበር። ቤት ሲገባ ግን ሺፋዛ የጎማ ልብሷን ገመድ ላይ እያሰጣች፣ «ባፓ፣ ሻርኮቹ ሁለት ሆኑ አሉ፤ እርጉዟን ምሳ አብላት እንጂ» እያለች ትስቅበታለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ሐሙስ ማታ ዓሊ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት፣ «ሪያዝ ነገ ይመጣል አሉ» አለው። «ወሬው ማሌ ደርሷል። እንግዲህ በልጅቷ ቦታ ከዚያ ሰው መላኩ ነው፤ ምን ይደረጋል? አንተ ግን በማዕረግህ ትኖራለህ።»

ዛኪ ቤቤ አፉ ውስጥ ያለው ፎፈል አመድ ሆነበት። የሻርኩ መንጋጋ ውስጥ ማን እንደ ነበረች ያኔ ነው ያሰበው። እሱ ጀግና የሚሆነው እሷ ከጠፋች ብቻ ነው።

ሪያዝ ዓርብ ከሶላት በኋላ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነው። ካፌው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሺፋዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ወንበር የሰጣት የለም።

«ዛኪ ቤቤ» አለ ሪያዝ፣ «የሐንዱን ካፒቴን ጠየቅሁ፤ ልጅቷ ጎበዝ ናት አለኝ፤ እሱ ግን አጎቷ ነው። እንግዶቹን ጠየቅሁ፤ ድንቅ ናት አሉ፤ እነሱ ግን የመጸዳጃ ቤቱንም ድንቅ ነው ብለዋል። አሁን ከእርስዎ አፍ ልስማ። ከሻርክ አፍ ያወጧት እርስዎ ከሆኑ ሌላ ሰው አመጣለሁ። ካልሆነ ሥራው ከዛሬ ጀምሮ የሷ ነው።»

«ንገረው እንጂ፣ ቤቤ!» አለ ዓሊ። «የእርጉዟንም አትርሳ!»

ዛኪ ቤቤ ተነሣ። አዲሱን ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።  ደረቱ ያን ጊዜ የተነፋውን ያህል በዒድ ጨረቃዋ ቀን እንኳ ተነፍቶ አያውቅም።

«ሻርክ አልነበረም» አለ። «አንድም። እርጉዝም፣ ያላገባም። እኔ ባሕር ውስጥ አልዘለልኩም፤ እግሬም አልረጠበም። ቢላው የሷ ነው። ሰባቱን ሰው በጥጉ አሳልፋ ያወጣቻቸው እሷ ናት። ያኔ እኔ ቱና እያሳደድኩ ‹ልጄ! ልጄ!› እያልኩ ነበር፤ ናሲር ምስክሬ ነው። ጠላቂ አልጠፋም። የጠፋው ዛኪ ነው። እሱንም ፈልጋ ያገኘችው፣ ፈትታ ያመጣችው ያቺ በሩ ላይ የቆመችው የኔ ልጅ ናት። የሰማችሁት ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ነው።»